ሽማግሌው ከፍታ ይፈራል

አያቴን በዚህ ታሪክ ውስጥ «እሱ» እያልኩ ስጠራው ባለጌ ናት እንዳትሉኝ። እኛ በሰሜን ስዊድን አጋዘን የምናረባ ሳሚዎች ዘንድ አንቱታ የሚባል ነገር የለም። ቄሱም አንተ ነው፣ ዳኛውም አንተ ነው፣ ውሻውም አንተ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለጨዋነት ብዬ ብቻ አይደለም። በሰባት ዓመቴ የተሳሳትኩት ስህተት በሙሉ የመጣው ከዚህችው «እሱ» ከምትባል ቃል ነው። ቤታችን ውስጥ አያቴን «እሳቸው» የሚል አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ነገሩ ገና በጠዋቱ በተገለጠልኝ ነበር።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ስም ነው። መሪ አጋዘናችን ስሙ ሽማግሌው ነበር። ሲወለድ አፍንጫው ዙሪያ ሸብቶ ስለተገኘ ነው እንዲያ የተባለው፤ በኋላ ዕድሜውም ስሙ ላይ ደረሰበት። ትልቅ፣ የተኮላሸ፣ አንገቱ ላይ ደወል ያለው፣ ምንም ነገር የማያስቸኩለው እንስሳ ነበር። መንጋው የሚከተለው የእሱን ደወል ነው። ሽማግሌው ደግሞ የሚከተለው በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አያቴን፣ አባባ ዮውናን። አባባንም ታዲያ ሴት አያቴ እማማ ኤሌ እና አጎቴ ሄይካ፣ እሱ በማይሰማበት ጊዜ፣ «ሽማግሌው» ይሉት ነበር። እንግዲህ ቤታችን ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። እኔ የማውቀው ግን ባለ ደወሉን ብቻ ነው።

እናቴ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ስለምትሠራ ጸደይ በመጣ ቁጥር አያቶቼ ጋ እላክ ነበር። ጸደይ የጉዞ ጊዜ ነው። መንጋችን ክረምቱን ካሳለፈበት ከባሕሩ ዳር ጫካ ተነስቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራሮቹ ይሄዳል፤ እናቶቹ የሚወልዱት እዚያ ነው። በመካከል አውራ ጎዳናው አለ። ድሮ ፖሊስ መጥቶ መኪኖቹን ያቆምልንና እያዋከብን እናሻግራቸው ነበር። በስድስት ዓመቴ ግን አንድ የጭነት መኪና በረዶ ላይ ተንሸራቶ መቆም አቃተውና መንጋው መሃል ገባ። ያን ቀን እማማ ፊቴን ሹራቧ ውስጥ ቀብራ ስለያዘችኝ የማስታውሰው የሱፉን ሽታ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ድልድዩ የተሠራው። ለሰው አይደለም፣ ለአጋዘን። ሰፊ ነው፤ ላዩ ላይ አፈር ተደልድሎ ሣርና ችግኝ ተተክሎበታል፤ የመኪና መብራት እንዳያስደነብራቸው ግራና ቀኙ በረጃጅም ሳንቃ ታጥሯል። መኪኖቹ በሥሩ ይፈሳሉ። ድልድይ ስላለ ከእንግዲህ ለአጋዘን ተብሎ መንገድ አይዘጋም ተባለ።

ለምረቃው ቀን ኬክ ነበር። ከመንገድ መሥሪያ ቤት የመጣው ሰውዬ ክራባት አስሮ፣ በጣም ደስ ብሎት፣ አባባን ጨበጠና «ለመሆኑ ስንት አጋዘን አለህ?» ብሎ ጠየቀው። ሁላችንም ጫማችንን ማየት ጀመርን። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለአጋዘን ሰው ኪስህን ገልብጠህ አሳየኝ እንደማለት ነው። አባባ ግን አልተቆጣም።

«ልቆጥራቸው ስል ይሮጡብኛል» አለው።

ከዚያ ንግግር አድርግ ተባለ። አባባ ሰማያዊውን የክት ልብሱን ለብሶ፣ የብር ቀበቶውን ታጥቆ፣ ድልድዩ ላይ ሳይሆን ከድልድዩ ራቅ ብሎ ቆመ። «በዚህ በኩል ቀድመን የሄድነው እኛ ነን» አለ። «የእኛን መንገድ ያቋረጠው የእናንተ መንገድ ነው። እንግዲህ ሽቅብ መውጣት ያለበት ካለ መኪኖቹ ይውጡ! እኔ አባቴ በሄደበት መሬት፣ መሬቱን እየረገጥኩ ነው የምሄደው። ይህን የተንጠለጠለ ነገር እግሬ አይረግጠውም!»

ጎረቤቶቻችን አጨበጨቡ። ሰውዬውም ሳይገባው አጨበጨበ። እኔ ኬክ በያዘው እጄ አጨበጨብኩና ክሬሙ የእማማ ቀሚስ ላይ ተረጨ። ዛሬም ቢሆን ያ ንግግር ልክ ይመስለኛል። አባባ አንዲት ቃል አልዋሸም። ሁሉንም አልተናገረም እንጂ።

ጸደዩ ሲገባ በረዶው ቀን ይላላል፣ ለሊት ይጠነክራል። መንጋ የሚነዳው ማለዳ፣ የበረዶው ቅርፊት ሳይሰበር ነው። የእናቶቹ ሆድ ገፍቶ ነበር። ከእነሱ አንዷ የእኔ ናት፤ የመጀመሪያ ጥርሴ ሲበቅል አባባ የሰጠኝ፣ ጆሮዋ ላይ የእኔ ምልክት የተቆረጠባት። አፏ የምትስቅ ስለሚመስል ሳቂታ ብያታለሁ። በዚያ ዓመት ሳቂታ ለመጀመሪያ ጊዜ አርግዛለች፤ እኔም አያት ልሆን ነው እያልኩ ለየጎረቤቱ ሳወራ ነበር የከረምኩት።

አባባ ድልድዩን አልረግጥም ስላለ፣ ሄይካ የሽማግሌውን ገመድ ይዞ ሊያሻግር ወጣ። ሽማግሌው እስከ ድልድዩ እግር ድረስ በደንብ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ቀጥ አለ። አንገቱን አዙሮ ወደ ኋላ አየ። ሄይካ ጎተተው። ሄይካ ለመነው። ሄይካ በሳሚኛ ሰደበው፣ አልበቃ ሲለው በስዊድንኛ ደገመለት። ሽማግሌው አራት እግሩን ተክሎ ወደ ኋላ ከማየት አልተመለሰም። መንጋውም ከበስተኋላው ቆሞ ያመነዥካል። አባባ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል። አስሮ ይጨርስና ይፈታዋል፤ ፈትቶ እንደገና ያስራል።

«አባባ፣ ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«ማን?»

«ሽማግሌው ነዋ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ጆሮው ቀልቷል። «ምንም አልሆነም» አለ። «ይህ የጫማ ክር ነው ያስቸገረው።»

የገባኝ ገብቶኛል። ሽማግሌው ድልድዩን ፈርቷል፤ አባባ ደግሞ በሰው ፊት ስላሳፈረው አንገቱን ደፍቷል። ዛሬ ሳስበው እንስሳው ድልድዩን ከቁብም አልቆጠረውም። የሚያየው ወደ አባባ ነበር። ሰውዬው ለምን እንደማይመጣ ግራ ገብቶት ነበር የሚጠብቀው።

የዚያን ቀን መንጋውን መልሰን ወደ ጫካው ነዳን። ቤት ስንደርስ እኔ መግቢያው ላይ ተቀምጬ ከቦት ጫማዬ ጋር ስታገል፣ እማማና ሄይካ ወጥ ቤት ውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። አባባ ውጭ እንጨት እየፈለጠ ነው። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም» አለች እማማ። «ለሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ነው የሚያድረው።»

ምስኪን ሽማግሌው፣ አልኩ በልቤ። እማማ በዚህ ብርድ ለሊት ለሊት እየወጣች ታየዋለች ማለት ነው።

«እኔ እኮ በዕድሜው የሚተወው መስሎኝ ነበር» አለ ሄይካ።

«ምን ይተወዋል! የጎተራው ጣራ ላይ ወጥቶ መውረድ አቅቶት የቀረውን ረሳኸው?»

«እንዴት ብዬ እረሳለሁ! በጀርባዬ አዝዬው አይደል መሰላሉን የወረድኩት? እስከ ታች ድረስ ሲሰድበኝ!»

ክሩን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። አጋዘን ጣራ ላይ። አጋዘን በሄይካ ጀርባ። ይህን የመሰለ ነገር ተደርጎ እኔ ሳላይ መቅረቴ አንገበገበኝ። ስድቡን እንኳ ብዙም አላመንኩም፤ አጋዘን ያጉረመርማል እንጂ አይሳደብም፣ ሄይካ ደግሞ ሲያወራ ትንሽ መጨመር ይወዳል።

ቀጥሎ የሰማሁት ግን አላሳቀኝም። ሄይካ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱ ካልቀደመ መንጋው አይንቀሳቀስም፣ እማዬ። በረዶው ደግሞ ሊሄድ ነው። ከቀለጠ እናቶቹ እኛን አይጠብቁም፤ ሆዳቸው ይመራቸዋል፣ ራሳቸው ተነስተው መንገዱ ላይ ይገባሉ። እንዳምናው።»

«አውቃለሁ» አለች እማማ። «ግን ለሰው ትንፍሽ እንዳትል። ከፍታ ፈሪ ነው ተብሎ ከሚወራበት ሞቱን ይመርጣል።»

ሳቂታ ትዝ አለችኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስጨርስ አፍንጫዬን በእጅጌዬ ጠረግሁና ወሰንኩ። ትልልቆቹ ሰዎች ሽማግሌውን ማስተማር ካቃታቸው እኔ አስተምረዋለሁ።

በማግስቱ ከጎተራው ጀርባ የተጣለውን አሮጌ በር ጎትቼ አመጣሁ። ሁለት የበረዶ ቁልል ሠርቼ በላያቸው አጋደምኩት፤ ድልድይ ሆነ። ከጥዶቹ ላይ አጋዘን የሚሞትለትን፣ እንደ ጢም የሚንጠለጠለውን ግራጫ የዛፍ ሽበት በባርኔጣዬ ሙሉ ለቀምኩ። ሽማግሌውን በገመድ አምጥቼ «አይዞህ» አልኩት። ሽማግሌው በሩ ላይ ወጣ፣ ተሻገረ፣ ሽበቱን በላ፣ ከዚያ ጓንቴን በላ።

ዝቅ ስላለ ነው ብዬ ቁልሉን እስከ ጉልበቴ አሳደግሁት። ተሻገረ። በፍልጥ እንጨት ደግፌ እስከ ወገቤ አደረስኩት። በሩ ሲወዛወዝ እኔ ጮህኩ እንጂ እሱ ጆሮውንም አልነቀነቀ። ላዩ ላይ እንደ ዳኛ ቆሞ ሌላኛውን ጓንት ይፈልግ ጀመር።

«ጎበዝ! አየህ? ከፍታ ማለት ይኸው ነው። ሰው አይሞትበትም» አልኩት፣ ጀርባውን ቸብ ቸብ እያደረግሁ።

ዓመታት አልፈው እማማ እንዳጫወተችኝ ከሆነ፣ አባባ ያን ሁሉ ጊዜ መስኮቱ ጋ ቆሞ ሲያየኝ ነበር። «ይህች ልጅ ምን እያደረገች ነው?» ሲላት፣ እማማ ከሊጡ ላይ ቀና ሳትል «ሽማግሌውን ድልድይ እያለማመደች ነው» አለችው። አባባ መጋረጃውን ዘጋው።

ምሳ ላይ አጥንት ያለው የሥጋ መረቅ ቀርቦ ነበር። እኔ መቅኔውን ስመጥ፣ ሄይካ ሲያላምጥ፣ አባባ ግን ሳህኑን ገፋ አድርጎ እንደ አገራችን ልማድ ቡናው ውስጥ ደረቅ ሥጋ ጣል ጣል እያደረገ በማንኪያ ያማስላል። አይጠጣውም፣ ያማስለዋል። እኔም ሥራዬ ጥሩ እየሄደ ስለሆነ የምሥራቹን ልንገረው ብዬ አሰብኩ።

«አባባ፣ ሽማግሌው ከፍታ ይፈራል አይደል?»

ይህን ስል ገና አንድ ጉንጭ ጎንጨት ማለቱ ነበር። ትን አለው። ሄይካ ተነስቶ ጀርባውን ደበደበለት።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?» አለ አባባ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ።

«እማማና ሄይካ ሲያወሩ ሰማሁ።»

አባባ ወደ እማማ ዞረ። ያኔ የተቆጣ መስሎኝ ነበር። ቁጣ አልነበረም፤ ልብሱን ሳይለብስ በር እንደተከፈተበት ሰው ነበር የሆነው። እኔ ግን መች ይገባኛል፣ ቀጠልኩ።

«ጣራ ላይ ወጥቶ አልወርድ ብሎ፣ ሄይካ አዝሎ እንዳወረደውም ሰምቻለሁ። ሲሳደብም ነበር አሉ።»

ሄይካ ማንኪያ ወድቆበት ሊፈልግ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ማንኪያው ግን ሳህኑ ላይ ነበር። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል።

«ዮውና» አለች እማማ ረጋ ብላ። «ልጅቷ የምታወራው ስለ አጋዘኑ ነው።»

«ስለ የቱ?»

«ስለ አጋዘኑ። ስለ ሽማግሌው። ሌላ ሽማግሌ አለን እንዴ?»

አባባ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየ። «አሃ» አለ። «አጋዘኑ።» ኩባያውን አስቀመጠና «አዎ፣ አጋዘኑ» አለ።

«ይፈራል አይደል?»

ጠረጴዛው ሥር ያለው ሄይካ መንቀጥቀጡን አቆመ።

«ይፈራል» አለ አባባ በመጨረሻ። ጨመረበትም፤ «እጅግ አድርጎ ነው የሚፈራው።» ይህን ሲናገር ከጀርባው ሸክም እንዳወረዱለት ሰው ትከሻው ዝቅ ሲል አየሁ።

«ምን ምን ይለዋል?»

«ጉልበቱ ውሃ ይሆናል። መሬቱ ከሥሩ የሚሸሽ ይመስለዋል። ሆዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ራሱ ወደ ታች ይወርዳል። ቆሞ እንዳይቀር ያፍራል፤ እንዳይሄድ እግሩ ይከዳዋል።»

«እንዴት አወቅክ?»

«ረጅም ጊዜ አብረን ኖረናል» አለ አባባ።

አንጀቴን በላው። ምስኪን እንስሳ፣ ይህን ሁሉ ችሎ ኖሯል። «ታዲያ ለምን ብቻውን ትልከዋለህ?» አልኩት፣ እየተቆጣሁ። «እኔ የጥርስ ሐኪም ስፈራ እማማ እጄን ይዛኝ አይደል የምትገባው? አንተም አንገቱን አቅፈህ ሂድ። እኔ ከፊት ከፊቱ እየሄድኩ አወራዋለሁ። ወደ ታች እንዳያይ እነግረዋለሁ።»

«እግሬ አይረግጠውም ብዬ በሰው ፊት ተናግሬያለሁ።»

«ያንማ የተናገርከው ለመንገድ መሥሪያ ቤቱ ነው» አለች እማማ። «ለእነሱ ብለህ እለፍ ማን አለህ? ለእንስሳው ብለህ ነው እንጂ። የፈራ እንስሳ ጥሎ የሚቀመጥ የአጋዘን ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

አባባ አሰበበት። ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበና አጥንቱን አነሳ። «አላውቅም» አለ። «ብቻውንማ እንዴት ይተዋል።» እና መብላት ጀመረ። ሦስት ጊዜ ነበር መረቅ የተጨመረለት።

ከምሳ በኋላ ስልኩን ይዞ ለጎረቤቶቻችን በሙሉ ደወለ። «ቃሌ ቃል ነው፣ ሐሳቤን አልቀየርኩም» ይላቸዋል። «ግን መሪው ከፍታ ይፈራል። አዎ፣ አጋዘኑ። ምን ላድርግ፣ እንስሳ ነው፤ ጨክኜ አልተወው።» እኔ ደግሞ አጠገቡ ቆሜ ራሴን እየነቀነቅሁ እመሰክራለሁ።

በማግስቱ ማለዳ ሁሉም የድልድዩ እግር ላይ ተሰበሰበ። በረዶው ከእግራችን ሥር እንደ ብርጭቆ ይጮሃል። አባባ ቀኝ ክንዱን የሽማግሌው አንገት ላይ ጣለና ጣቶቹን ጸጉሩ ውስጥ ቀበራቸው። እኔ የዛፍ ሽበት ይዤ፣ ቀይ ኮፍያዬን ደፍቼ፣ ፊት ለፊታቸው ወደ ኋላ እየተራመድኩ መራኋቸው። ሽማግሌው እንዳለፈው ቀን አልቆመም። አባባ አጠገቡ ስለሆነ ምንም ሳይመስለው ወጣ። ደወሉ መታ፣ መንጋውም ከኋላው ተንቀሳቀሰ።

ድልድዩ አፈር ቢለብስም መኪና በሥሩ ባለፈ ቁጥር እግር ውስጥ ይነዝራል። ሳንቃዎቹ መካከል ክፍተት አለ፤ በክፍተቱ የጭነት መኪኖቹ ጣራ ሲያልፍ ይታያል። «ሽማግሌው፣ ወደ ታች አትይ!» ብዬ ጮህኩ። የአባባ አንገት ብድግ አለ። «ኮፍያዬን እይ! ቀዩን ኮፍያዬን ብቻ እይ!» ሁለቱም አዩኝ። አንዱ ኮፍያዬን፣ አንዱ እጄ ላይ ያለውን ሽበት።

መሃል ስንደርስ አንድ ትልቅ መኪና ከሥር ጥሩምባውን ነፋ። አባባ ቆመ። ሽማግሌው አንድ እርምጃ ሄዶ፣ አንገቱ ሲያዝበት እሱም ቆመ። መንጋው በሙሉ ቆመ። ከኋላ ያሉት የፊተኞቹን መግፋት ጀመሩ፤ ከጫፍ ላይ አንዲት እናት ፊቷን አዙራ ወደ መጣችበት ልትመለስ ስትል አየሁ። ሄይካ ከሩቅ እጁን ዘርግቶ ደርቋል። አንዷ ከዞረች ሁሉም እንደሚዞሩ፣ ከዞሩ ደግሞ አጥሩ ወዳለቀበት፣ ወደ አስፋልቱ እንደሚወርዱ እኔም አውቃለሁ።

«ፈራ እንዴ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ፈራ» አለ አባባ። ዓይኑን ጨፍኗል። የሚጸልይ መሰለኝ። ግንባሩ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ላብ ነበር። «ንገሪው፣ ሪስቲን።»

«ምን ልበለው?»

«የመጣልሽን በይው።»

ለሽማግሌው ጆሮ ጠጋ አልኩ። «ሽማግሌው፣ አይዞህ» አልኩት። «ይህ እኮ መሬት ነው። አፈር ነው፣ ሣር አለው፣ ትናንሽ ዛፎችም አሉት። ሳቂታ ከኋላህ ቆማለች፤ ልጇ ሆዷ ውስጥ ነው። አንተ ካልሄድክ እሷም አትሄድም። መፍራትህ ምንም አይደል፤ እኔም እፈራለሁ። አንድ እግር ብቻ አንሳ። በቃ አንድ። እኔ አለሁ።»

የአባባ እግር ከሽማግሌው እግር ቀድሞ ተነሳ። ምሳሌ መሆን ማለት እንዲህ ነው፣ አልኩ በልቤ፤ በአባባ ኮራሁ። «ጎበዝ! አሁን ደግሞ ሌላኛውን!» አልኩ። ሌላኛውም ተነሳ። እንዲህ እንዲህ እያልን፣ አንድ አንድ እግር እያነሳን፣ የሳንቃው አጥር አለቀና ጥዶቹ መጡ። ከኋላችን መንጋው እንደ ጎርፍ ይመጣል፤ አጋዘን ሲራመድ የሚያወጣው የቁርጭምጭሚት ቀጭ ቀጭታ ብቻ ነው የሚሰማው። ሳቂታ ስታልፍ አየኋት። ሆዷ እየተወዛወዘ፣ እንደ ልማዷ እየሳቀች አለፈች።

ሰዉ ሁሉ መጥቶ ሽማግሌውን አሻሸው። «አይ ጀግና!» አሉት። አባባ በረዶው ላይ ዝርግት ብሎ ተቀምጧል፤ ጣቶቹ መካከል የአጋዘን ጸጉር ተሰክቶ ቀርቷል። እማማ አጠገቡ ተቀምጣ ጸጉሩን አንድ በአንድ ስትለቅምለት አስታውሳለሁ። ለምን ሰው ሁሉ ሽማግሌውን ሲያሞግስ እሷ ብቻ አባባን እንደምትስመው ሊገባኝ አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ ሥራ አገኘሁ። በየጸደዩ የድልድዩ እግር ላይ ሲደረስ «ሪስቲን የት አለች?» ይባላል፤ እኔም ቀርቤ ሽማግሌውን አጽናናለሁ። ንግግሬ ከዓመት ዓመት እየረዘመና እየተዋበ ሄደ። ሽማግሌው በንግግሬ መሃል ያዛጋል፤ አባባ ግን አንዲት ቃል ሳያመልጠው ነበር የሚያዳምጠው።

ሽማግሌውን በአንድ መኸር እርጅና ወሰደው። አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ ጆሮዬን ተበስቻለሁ፣ ትልልቅ ሰዎች የሚሉት ነገር ሁሉ ያስቀኛል። አዲሱ መሪ ወጣት ነበር፣ ችኩል የሚባል። ስሙን እኔ አላወጣሁለትም፣ ራሱ ነው ያወጣው። አጥር ይዘላል፣ ገደል ጫፍ ላይ ቆሞ ያመነዥካል፤ አንድ ጊዜ በሄይካ የበረዶ ሞተር ላይ ወጥቶ አልወርድም ብሎናል።

ድልድዩ ጋ ደረስን። ጎረቤቶቻችን ቆመዋል። ችኩል ቶሎ እንሂድ እያለ ገመዱን ይጎትታል፤ ሲሰለቸው የአባባን ቀበቶ ጫፍ ያኝካል። እኔ ዘንድሮ ሥራ የለኝም ብዬ ከልጃገረዶቹ ጋር ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። አባባ ክንዱን የችኩል አንገት ላይ አደረገና ቀና ብሎ ፈለገኝ።

«ሪስቲን» አለ። «ነይ እንጂ። ይሄኛውም ይፈራል።»

ሄድኩ። ችኩልን አየሁት። ጆሮዎቹ ወደ ፊት ቀጥ ብለዋል፣ ዓይኑ ድልድዩን ሊበላው ደርሷል። ከዚያ የአባባን እጅ አየሁ። የችኩል ጸጉር ውስጥ የገቡት ጣቶቹ አንጓቸው ነጥቷል። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ይርገፈገፋል፤ ነፋስ ግን የለም። ጣራውም፣ መሰላሉም፣ ስድቡም፣ መረቁም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ሳቄ ጉሮሮዬ ድረስ ወጣ፤ ከሳቁ ኋላ ደግሞ እንባዬ መጣ፣ ሁለቱም እኩል አፌ ላይ ደረሱ። አባባ ፊቴን አየ። እንደገባኝ ገባው። ዓይኑን ከእኔ ላይ አንስቶ አፈሩ ላይ ጣለና ጠበቀ። ልጃገረዶቹ ያዩናል። እማማም ከአጥሩ ዳር ታየናለች።

«አዎ፣ ይፈራል» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ። «ዓይኑ ላይ ያስታውቃል። አንገቱን ጠበቅ አድርገህ ያዘው አባባ፤ እኔ አወራዋለሁ።»